ከቧንቧው ላይ አልነሳም ያልኩ ዕለት

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፤ ያን ጊዜ አፍ አልነበረኝም። አሁን መንደራችን መጥታችሁ «ሀያት የምትባለው የትኛዋ ናት?» ብትሉ «ያቺ ለፍላፊዋ!» ብለው ነው የሚያሳዩአችሁ። ደስ ይለኛል። ዱሮ ግን መምህር ስሜን ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው ለጠረጴዛዬ ነበር። መልሱን እያወቅኩ እጄን አላወጣም፤ ከኋላዬ ያለችው ልጅ ተሳስታ ስትመልስ በሆዴ «አይደለም፣ አይደለም» እያልኩ እቀመጣለሁ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ እንዴት እንደጠፋች ነው የምጽፍላችሁ። ሦስት ቀን ነው የፈጀባት።

መንደራችን ከቆቦ ወደ ዋጃ ሲኬድ ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ፣ ፊቱን ወደ ዞብል ተራራ ባዞረ ሜዳ ላይ ነው። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ውሃ ካገኘ የማያበቅለው የለም። ውሃው ነው ችግሩ። ክረምት ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ማሽላችንን እናጠጣለን፤ ጎርፉ የቀረ ዓመት ማሽላው ቆሞ ይደርቃል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ቆሞ ደርቆብናል። የምንጠጣውን እኔና እናቴ በአህያ ሄደን የምናመጣው ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ተጉዘን ነው።

ስለዚህ «ጥልቅ ጉድጓድ ሊቆፈርላችሁ ነው» ሲባል የመንደሩ ሴቶች እልልታ እስከ አስፋልቱ ተሰምቷል። ወሬው ግን ጭራ ነበረው። የሚቆፈረው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው። ውሃ ካልሰጠ ማሽኑ ተጭኖ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል፤ ድጋሚ የለም። በአጠገባችን ያለው መንደር ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ ተቆፍሮለት «ደረቅ ነው» ተብሎ በብረት ክዳን ተዘግቷል። አሁን ክዳኑ ላይ ፍየሎች ይቆሙበታል። እኛም ያንን ክዳን እያየን ነበር የምንጠብቀው።

አሁን አያ ይማምን ላስተዋውቃችሁ። የአባቴ አጎት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የነዳጅ ጂኦሎጂስት ነበሩ። የነዳጅ ጂኦሎጂስት ማለት ማደያ ውስጥ የሚሠራ ሰው አይደለም፤ ቆቦ ላይ ግን እንደዚያ የሚመስለው ሞልቷል። በወጣትነታቸው ኦጋዴን፣ በኋላም ጋምቤላ፣ ድንኳን ውስጥ እየኖሩ፣ መሬት በጥልቀት ሲቆፈር የሚወጣውን የድንጋይ ፍርፋሪ በአጉሊ መነጽር እያዩ ነዳጅ ሊኖር የሚችልበትን ቦታ ይፈልጉ ነበር። ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የያዙት አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ሰዉ ሳጥኑ ሲከፈት ለማየት ተሰበሰበ አሉ። ተከፈተ። ውስጡ ትንንሽ የአቡጀዲ ከረጢት ብቻ፤ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አፈር! ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው «አያ ናፍጣ» ሆነ።

«አያ ናፍጣ፣ ዛሬስ ተገኘ?» ይላቸዋል የባጃጅ ሹፌር ሁሉ።

«እየመጣ ነው፤ ባጃጅህን አጥበህ ጠብቅ!» ይላሉ እሳቸው።

ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ በነበረባቸው ወራት ውሎዬ እሳቸው ቤት ሆነ። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለነበር የድሮ ማስታወሻ ደብተሮቻቸውን አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ያስተምሩኛል። አሸዋና ጠጠር ውሃ እንደሚያሳልፍ፣ ሸክላ እንደሚዘጋ። ሁለቱ ተቀላቅለው ሲመጡ እንዴት እንደሚለዩ።

«ጣት ይዋሻል» ይሉኛል። «ጥርስሽ መሀል አድርጊው። እንደ ቅቤ ከለሰለሰ ሸክላ ነው። ከተንቀጫቀጨ አሸዋ አለበት።»

እናቴ አንድ ቀን ከንፈሬ ላይ ጭቃ አይታ «ኧረ ሰው ይስማ! ሽማግሌው ልጄን አፈር አበሏት!» ብላ ጮኸች። እኔ ግን ወላሂ፣ እስከዚያን ቀን ድረስ እንደዚያ የጣፈጠኝ ትምህርት አልነበረም።

ከከረጢቶቹ አንዷ በቀይ ክር ታስራ ለብቻዋ ትቀመጥ ነበር። ምን እንደሆነች ስጠይቃቸው ቶሎ አልመለሱልኝም። በስንተኛው ቀን ነው የነገሩኝ። የነገሩኝን ከመጻፌ በፊት ግን አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ሳትረዱት ካለፋችሁ የኔ ታሪክ አይገባችሁም።

ማሽኑ ሲቆፍር፣ ቀጠን ያለ ጭቃ በቧንቧው ውስጥ ወደ ታች ይገፋል። ጭቃው ታች ሲደርስ የብረቱ ጥርስ የፈጨውን ተሸክሞ በቧንቧው ዙሪያ ባለው ክፍተት ወደ ላይ ይመለሳል። እኛ ላይ ቆመን ፍርፋሪውን በወንፊት እንይዘዋለን። ነገር ግን ፍርፋሪው ያን ሁሉ መንገድ እስኪመጣ ጥርሱ ቆሞ አይጠብቀውም፤ መቆፈሩን ይቀጥላል። ስለዚህ አሁን እጃችሁ የገባው አፈር ጥርሱ አሁን ካለበት የመጣ አይደለም፤ ቅድም ከነበረበት ነው። «ያንን ቅድም ማወቅ ነው የኛ ሥራ» ይላሉ አያ ይማም። እንዴት ይታወቃል? ኦጋዴን ላይ ሩዝ ነበር የሚጠቀሙት። እፍኝ ሩዝ ቧንቧው ውስጥ ይጥላሉ፣ ሰዓት ይይዛሉ፣ ሩዙ ወንፊቱ ላይ ብቅ እስኪል ይጠብቃሉ። አለቀ!

ባለ ቀይ ክሯ ከረጢት የአንድ የኦጋዴን ጉድጓድ ናት። ከጭቃ መግፊያዎቹ ፓምፖች አንዱ ተበላሽቶ በአንዱ ብቻ ሲሠሩ፣ ነዳጅ ነዳጅ የሚሸት አሸዋ ወጣ። አንድ ፓምፕ ብቻ ሲሆን ጭቃው ይዘገያል። አያ ይማም ሩዝ ጥለው አዲሱን ሰዓት ያዙ። የውጭ አገር አለቃቸው ግን በድሮው ሰዓት አስልቶ፣ አሸዋውን ከትክክለኛው ቦታ ስምንት ሜትር ዝቅ አድርጎ መዘገበው።

«ስብሰባ ተቀመጥን» አሉኝ አያ ይማም። «አለቃው ‹ጥያቄ ያለው?› አለ። እኔ ከሁሉም ታናሽ ነበርኩ። ስሌቱ ያለበት ወረቀት ኪሴ ነበር። ዝም አልኩ። ስምንት ሜትር ዝቅ ብለው ፈተኑት፤ ጨዋማ ውሃ ወጣ። በሲሚንቶ ደፍነውት ድንኳናችንን ነቀልን።»

«ነዳጅ ነበረው ማለት ነው?»

«አላውቅም፣ ልጄ። እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚቆጨኝ ነዳጁ አይደለም። ወረቀቱ ኪሴ መሆኑ ነው።»

ማሽኑ ሰኞ መጣ። ማክሰኞ ጠዋት አያ ይማም ከዘራቸውን ይዘው፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ፣ ሄድን። ሥራውን የሚመራው ኢንጂነር ብሩክ የሚባል ወጣት ነው። ፀሐይዋ ፊቱን አቅልታዋለች፤ ሁሉም ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። ማሽኑን የሚነዱት ደግሞ ጋሽ ደሳለኝ ናቸው፤ ትልቅ ሰውዬ፣ ከማሽኑ ጩኸት በላይ የሚስቁ።

አያ ይማም ሰላምታ ሰጥተው «ኢንጂነር፣ የመመለሻውን ደቂቃ ስንት ይዘኸዋል?» አሉት።

«የምን መመለሻ?»

«የፍርፋሪውን። ከታች እስከ ላይ።»

ኢንጂነር ብሩክ ፈገግ አለ። «አባት፣ እኔ ደጋ ላይ ብዙ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ። ጥርሱ ሲነካው ላይ ነው የማገኘው። ጊዜ የሚባል ነገር የለውም።»

«ደጋ ላይ በአየር ነው የምትቆፍሩት። ድንጋይ ነዋ። አየር እንደ ጥይት ያወጣዋል። ይሄ ቆላ ነው፤ አፈር ነው፤ በጭቃ ነው የምትቆፍረው። ጭቃ አይቸኩልም።»

«አባት፣ ይሄ የነዳጅ ሥራ አይደለም። የውሃ ነው። ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ።»

ከበስተኋላ አንዱ «አያ ናፍጣ፣ እዚህም ናፍጣ ፈለጉ እንዴ!» አለና ሁሉም ሳቀ። አያ ይማም ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። «ሀያት፣ ንገሪው» አሉኝ። «እንደነገርኩሽ አድርገሽ አስረጂው።»

ሁሉም አዩኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ኢንጂነሩ ጥቂት ጠበቀኝ፤ ከዚያ ዘወር ብሎ ሄደ። አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ስድስት ሰዓት ላይ ሙቀቱ አያ ይማምን ጣላቸው። በባጃጅ አስጭነን ወደ ቤታቸው ስንልካቸው የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው እጄ ላይ አሰሩልኝ። ሰፍቶኝ እስከ ክርኔ ይንሸራተታል። «ሩዝ ከሌለ ማሽላም ይሆናል» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። «ለምን ዝም አልሽ» አላሉም። እሱ ነው የባሰብኝ።

የኛ ማሽላ ነጭ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ሲገባ ግን ከአሸዋው ጋር ይመሳሰላል። ማታ እያሰብኩ ሳለ እናቴ ከእህቴ ሰርግ የተረፈውን ሂና ያስቀመጠችበት ጣሳ ታየኝ። ሁለት እፍኝ ማሽላ በሂና ለውሼ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው እያንዳንዷ ፍሬ እንደ ሙሽራ ጥፍር ቀልታለች። «ሂናዬን ማን ነካው?» የሚለው ድምፅ ሳይደርስብኝ ከቤት ወጣሁ።

ረቡዕ ቁፋሮው ዘጠና ሁለት ሜትር ሲደርስ ጠጠር መውጣት ጀመረ። የታጠበ፣ ድቡልቡል፣ ንጹሕ ጠጠር፤ ውሃ የሚያድርበት ዓይነት። ሰዉ እንዴት እንደተደሰተ! ኢንጂነር ብሩክ ደብተሩ ላይ «92» ብሎ ጻፈ። አየሁት። ቧንቧ ለመቀጠል ማሽኑን ሲያቆሙ ጋሽ ደሳለኝ ጋ ተጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ይቺን ቧንቧው ውስጥ ልጣላት?»

እጄ ላይ ያለውን አዩ። «ምንድነው ይሄ? የሰርግ ንፍሮ ነው?»

«ጭቃው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ለማየት ነው። አያ ይማም ናቸው ያሉት።»

«ማሽላ ማሽኔን አይገድለውም» አሉና ሳቁ። «ጣያት ሙሽራዋን! ብቻ አለቃ እንዳያይሽ።»

አንዱን እፍኝ ጣልኩ። ፓምፑ ሲነሳ ሰዓቴን አየሁ፤ ወንፊቱ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። አምስት ደቂቃ፤ ጭቃ። አሥር ደቂቃ፤ ጭቃና ጠጠር። ዓይኔ ውሃ አዘለ፤ ማርገብገብ ፈራሁ። አሥራ አምስት። የሂናው ቀለም ለቅቆ ይሆን? አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አንዲት ቀይ ፍሬ ወንፊቱ ላይ ተንከባለለች። ከኋላዋ ሌላ። ከዚያ ሰልፍ!

መውረጃውን ሁለት ደቂቃ ቀነስኩ፤ ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ መውረዱ ፈጣን ነው። ለመመለሻው አሥራ ስድስት ቀረ። ማሽኑ ሦስት ሜትር የሚቆፍረው በስምንት ደቂቃ እንደሆነ ከጠዋት ጀምሮ መዝግቤያለሁ። በአሥራ ስድስት ደቂቃ ስድስት ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ጠጠሩ የሚጀምረው ዘጠና ሁለት ላይ አይደለም። ሰማንያ ስድስት ላይ ነው።

ወረቀት ላይ ጻፍኩት። ኢንጂነሩ ምሳ ሲበላ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ፤ የምለውን በልቤ እየተለማመድኩ። «ኢንጂነር፣ ስድስት ሜትር...» አልኩ። «ቆይ አሁን አይደለም፣ እህቴ» አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ኪሴ ከተትኩት! ይታያችኋል? ቤት ደርሼ ልብሴን ሳወልቅ ነው ወረቀቱ እጄ ላይ የቀረው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አያ ይማም የተሸከሙትን ዓይነት ሸክም ልሸከም አንድ ቀን ነው የቀረኝ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ቁፋሮው መቶ ሃያ ሜትር ላይ አብቅቷል። መቆፈሪያው ቧንቧ ገና ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ጉድጓዱ እንዲጠራ ጭቃው እየተዘዋወረ ነው። ከማሽኑ አጠገብ መሬት ላይ በጉድጓዱ ውስጥ ለዘለዓለም የሚቀመጡት ቧንቧዎች በተራ ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ድፍን ናቸው። አንዱ ግን ጎኑ በሙሉ ተሰነጣጥቋል፤ ስክሪን ይሉታል፤ ውሃ የሚገባው በሱ ብቻ ነው። ስክሪኑ ጠጠሩ ትክክል ላይ ከዋለ ውሃ አለ። ሸክላ ላይ ከዋለ ሸክላው ይደፍነዋል፣ ጉድጓዱ ደረቅ ይባላል፣ ክዳን ይከደንበታል። አንዴ ወርዶ ዙሪያው ከላይ በሚጨመር ጠጠር ከተሞላ ደግሞ ማንም አያነሳውም።

ስክሪኑ ላይ በኖራ ተጽፏል፦ «92–98»። በኢንጂነሩ ደብተር ጠጠሩ ከዘጠና ሁለት እስከ ዘጠና ስምንት ነው፤ ከሱ በኋላ የወጣው ሸክላ ብቻ ነበር።

ሰዉ ሁሉ ነበር። እናቴ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ጀሪካን ሳይቀር ይዘው የመጡ አሉ። አባቴ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስለሆነ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከኢንጂነሩ ጎን ቆሟል። እኔ ሄድኩና ስክሪኑ ላይ ተቀመጥኩ።

ብረቱ በዚያ ሰዓት እንኳ ግሏል፤ ቀሚሴን አልፎ ፈጀኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ተነሽ፤ እሱ መቀመጫ አይደለም» አለ አንዱ ሠራተኛ።

«አልነሳም።»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አባቴ መጣ። «ሀያት፣ ምን ሆነሻል? ተነሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጅኝ።»

«አባዬ፣ ይሄ ቧንቧ እንደተጻፈበት ከወረደ ውሃ አናገኝም። ስድስት ሜትር ዝቅ ብሏል። ሸክላ ላይ ነው የሚቀመጠው።»

«ማን አለ?»

«እኔ።»

አባቴ ሲደነግጥ አየሁት። እኔም ደነገጥኩ፤ ድምፄ ከሰው መሀል ወጥቶ ተመልሶ ጆሮዬ ገባ። ኢንጂነር ብሩክ መጣ። እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

«እህቴ፣ ዛሬ ሥራ አለብን። ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«አሥረኛን ጨርሻለሁ።»

«እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ። በይ ተነሽ።»

«ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ደጋ ለመቆፈር ነው?» አልኩት። ወላሂ እንደዚህ ነው ያልኩት! ጋሽ ደሳለኝ ከላይ ሆነው ሳቃቸውን በሳል ደበቁት። «ይቅርታ፣ ኢንጂነር፤ ላስቀይምዎት አይደለም። ትናንት ቀይ ማሽላ ጥዬ ሰዓት ይዣለሁ። ወረቀቱ ይኸው። ካላመኑኝ እርስዎ ራስዎ ይጣሉት። በራስዎ ሰዓት ይያዙት። እርስዎ እንደሚሉት ወዲያው ከወጣ፣ እኔ ከዚህ ተነስቼ ሁለተኛ እዚህ አልደርስም። ጥልቀቱ ስለጨመረ አሁን ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። ሃያ ሦስት።»

«ሃያ ሦስት ደቂቃ!» አለ ሳቅ ብሎ። «ሦስት ቢፈጅበት ነው።»

«ታዲያ ምን ቸገረዎት? ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው የምለምንዎት።»

ከሴቶቹ መሀል እናቴ ናት የተናገረችው። «ሂናዬን የበላችው ለዚህ ከሆነ ጣሉትና እንየው!» አለች። ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን የማክሰኞውን ዓይነት አልነበረም። «ይጣል! ይጣል!» አሉ።

ኢንጂነሩ ትከሻውን ነቀነቀ። ጋሽ ደሳለኝ ፓምፑን አቁመው ቧንቧውን ከፈቱት። የቀረችኝን እፍኝ ለኢንጂነሩ ሰጠሁት፤ ሁሉም እያየው ጣለ። ፓምፑ ተነሳ። ሰዓቱን ያዘ። እኔ ከስክሪኑ አልተነሳሁም።

ሦስት ደቂቃ። ምንም። አምስት ደቂቃ።

«ማሽላው ታች ተፈጭቶ ገንፎ ሆኗል» አለ አንዱ። ስምንት። አሥር። ኢንጂነሩ አሁን አይስቅም፤ ወንፊቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። እኔ ግን ስለሱ አላሰብኩም፤ ስለ ትናንቱ ስሌት ነበር የማስበው። መውረጃውን በትክክል ቀንሼ ነበር? ፓምፑ የትናንቱ ነው? አሥራ አምስት። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ አስተካክሎ ሊቀድደው ደረሰ። «ሀያት» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ካልወጣስ?»

«ካልወጣ አያ ይማም ተሳስተዋል። እኔም ተሳስቻለሁ። ያኔ እነሳለሁ። እስኪወጣ ግን እዚሁ ነኝ።»

አባቴ ሄዶ ወንፊቱ አጠገብ ከኢንጂነሩ ጎን ተንበረከከ፤ በነጭ ጋቢው፣ ጭቃው ውስጥ። ሃያ። ማሽኑ ብቻ ነው የሚያወራው። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት።

አባቴ እጁን ዘረጋ። በሁለት ጣቱ አንድ ነገር አነሳ፤ በጋቢው ጠረገው፤ ወደ ፀሐይዋ ከፍ አደረገው።

«ይቺ» አለ፣ «ይቺ የእኔ ማሽላ ናት።»

«ሙሽራዋ መጣች!» ብለው ጮኹ ጋሽ ደሳለኝ። እልልታው የት ደረሰ አትበሉኝ። ኢንጂነር ብሩክ ሰዓቱን እያየ ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። ሃያ ሦስት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ከዚያ መጥቶ ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«መውረጃውን ስንት ቀነስሽ?» አለኝ።

«ሁለት ደቂቃ።»

«ወረቀቱን አሳዪኝ።»

አሳየሁት። ሁለቴ አሰላው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን በእልህ ያወርደው ነበር። እሱ ግን ደብተሩን አውጥቶ የሁለት ቀን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሰረዘ። ጆሮው እንደኔ ማሽላ ቀልቷል። ከዚያ ጨርቅ አርጥቦ አመጣና «አሁንስ ትነሻለሽ?» አለኝ። ተነሳሁ። የኖራውን ጽሑፍ ጠርጎ «86–92» ብሎ ጻፈ።

ውሃው የተፈተነው በሳምንቱ ነው። መጀመሪያ ጭቃ ተፋ፤ ከዚያ ቡና በወተት የመሰለ፤ ከዚያ ጥርት ያለ። ቀን ሙሉ በፓምፕ ሲገፋ ውሎ አልጎደለም። እናቴ ከሥሩ ቆማ ከነነጠላዋ በሰበሰች፤ «ሂናዬን ይቅር ብዬሻለሁ» አለችኝ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ይሄ ነገር ምን ለወጠ ብትሉኝ፣ አህያችን አርፋለች፣ ይሄ አንድ። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ እጄን የማወጣው መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው፤ ተሳስቼም አውቃለሁ፤ አልሞትኩም። ጂኦሎጂ ነው የማጠናው። «ሴት ልጅ በረሃ ድንኳን ውስጥ?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ድንኳን ውስጥ። «አፈር ልትበዪ?» አዎ፣ ልበላ። የጎረቤታችን መንደር የተከደነ ጉድጓድስ እውነት ደረቅ ነበር ወይስ ስክሪኑ ሸክላ ላይ ተቀምጦ? አላውቅም። ግን ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ ፈርሞበታል፤ መልስ እስኪመጣ በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃለሁ። ለፍላፊ ነኝ አላልኳችሁም? ወረቀት ኪሳችሁ ያለ ሴት ልጆች ካላችሁ አውጡት። ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥ ይንቀጥቀጥ፤ የእኔም ተንቀጥቅጧል።

ያን ሐሙስ ግን እልልታው ሳያልቅ ወደ አያ ይማም ሮጥኩ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ከጠጠሩ በአዲስ ከረጢት ይዤላቸዋለሁ፤ «86» ብዬበታለሁ። በጣታቸው ዳሰሱት፤ አንዷን ጠጠር አፋቸው ውስጥ ጨመሩ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ተናገርሽ?» አሉኝ።

«ተናገርኩ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ሁሉ ፊት። ስክሪኑ ላይ ተቀምጬ።»

ጠጠሯን ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ «ሳጥኑን ክፈቺ» አሉኝ። በቀይ ክር የታሰረችውን ከረጢት ሰጠኋቸው። ላይዋ የተጻፈው ቀለም ደብዝዟል፤ ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ስድስት ሜትር ይላል፤ የአለቃው ቁጥር ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሳይሰርዙት ይዘውት ኖረዋል።

«እስክሪብቶ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ሰርዢው» አሉኝ። «ሁለት ሺህ አራት መቶ ስምንት ብለሽ ጻፊ። ጎላ አድርገሽ፤ እኔም እንዳየው።»

ጎላ አድርጌ ጻፍኩት።